አፈሙዙ አጭር ይሁን ረጅም? ስለ 45-70 ሊቨር ጠመንጃ ለጠየቀኝ አዳኝ

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ላለፉት ስድስት ዓመታት የማድነው 30-06 የሚባል ጥይት በሚተኩስ፣ በጎኑ ባለ መቀርቀሪያ በሚቀባበል ቦልት ጠመንጃ ነበር። አሁን የማድንበት ቦታ ተቀይሮ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ገብቻለሁ። የማድነው አጋዘንና የዱር አሳማ ነው፤ ድብም አልፎ አልፎ ይታያል። ከ80 ሜትር በላይ ማየት አልችልም። ስለዚህ ትልቅ አረር የሚተኩስ፣ ከምላጩ ሥር ባለ ቀለበት የሚቀባበል ሊቨር ጠመንጃ ልገዛ ነው። ልቤ 45-70 በሚባለው ጥይት ላይ አርፏል። ያስቸገረኝ የአፈሙዙ ርዝመት ነው። 16፣ 19 እና 22 ኢንች አለ። ሻጩ ‹16ቱን ከወሰድክ ግማሹ ባሩድ ውጭ ነው የሚቃጠለው፣ ጉልበት የለውም› አለኝ። የአደን ጓደኛዬ ደግሞ ‹በ22ቱ ከቅርንጫፍ ጋር ስትታገል ትውላለህ› ይለኛል። ቁመቴ አጭር ነው። ቀኝ ትከሻዬም ከዓመታት በፊት ወልቆ ያውቃል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ለአንተም ሰላም ይሁን። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አፈሙዙ በደንብ አብራርተህ ጽፈሃል። ትከሻህን ግን በአንድ ትንፋሽ አለፍካት። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ እሷ ናት፤ እመለስባታለሁ።

እንዳላንዛዛብህ መልሱን ከፊት ልንገርህ። እኔ አንተን ብሆን ባለ 19 ኢንቹን 45-70 እወስድ ነበር። ጥይቱን ግን ለስላሳውን፣ ማለትም ጉልበቱ ቀለል ያለውን እመርጣለሁ። ትከሻዬ እሱንም እምቢ ካለ 44 ማግነም ወደሚባለው አነስ ያለ ጥይት እወርዳለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አብረን እንየው።

በሻጩ ነገር እንጀምር። የነገረህ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ ቢሆን እውነትነት አለው። ቀጭን አረር በብዙ ባሩድ የሚገፋ ጠመንጃ አስብ፤ 7 ሚሊ ሜትር ማግነም እንበል። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተጨናንቆ አረሩን ረጅም መንገድ ይገፋዋል። አፈሙዙን ስታሳጥረው ገና ብዙ ግፊት እያለ አረሩ ይወጣል። ፍጥነቱ ደህና አድርጎ ይቀንሳል።

45-70 ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የአረሩ ውፍረት 11.6 ሚሊ ሜትር ነው። የአንተ 30-06 አረር 7.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሰሙት ትንሽ ልዩነት ይመስላል። የቀዳዳውን ስፋት ስታሰላው ግን የ45-70ው ከእጥፍ በላይ ነው። አረሩ አንድ ኢንች ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ከኋላው ያለው ጋዝ ከእጥፍ በላይ ቦታ ያገኛል ማለት ነው። ቦታ ሲያገኝ ይለጠጣል። ሲለጠጥ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ በመጀመሪያዎቹ ኢንቾች ያልቃል። የቀረው አፈሙዝ አረሩን የሚገፋው በተረፈች ትንሽ ጉልበት ነው።

በቁጥር እንየው። በ45-70 ከአፈሙዙ አንድ ኢንች ሲቀነስ የሚጠፋው ፍጥነት እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ10 እስከ 25 ጫማ በሰከንድ ገደማ ነው። በእኛ መለኪያ ከ3 እስከ 8 ሜትር በሰከንድ መሆኑ ነው። ከ22 ወደ 19 ብትወርድ 50 ጫማ በሰከንድ አጣህ እንበል። የተለመደው ለስላሳ ጥይት ባለ 405 ግሬን አረር ነው (ግሬን የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው)፤ ካርቶኑ ላይ 1,330 ጫማ በሰከንድ ተብሎ ይጻፋል። 50 ብትቀንስለት 80 ሜትር ላይ አረሩ ተጨማሪ የሚወርደው ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአጋዘን ሳንባ የት ድረስ እንደሆነ ታውቃለህ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ራሱ የሚለካው በ24 ኢንች የመሞከሪያ አፈሙዝ ነው። 22ቱን ገዝተህም ያንን ቁጥር ላታገኘው ትችላለህ።

«ግማሹ ባሩድ ውጭ ይቃጠላል» የሚባለውም ነገር መስተካከል አለበት። በምሽት ከአፈሙዙ ጫፍ የምታየው ትልቅ እሳት ባብዛኛው ያልተቃጠለ ባሩድ አይደለም። የወጣው ትኩስ ጋዝ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደገና ሲቀጣጠል ነው። አጭር አፈሙዝ ላይ ጋዙ ገና ግፊትና ሙቀት እያለው ስለሚወጣ እሳቱ ይጎላል። ዓይን ያታልላል እንጂ ጥይቱ ግማሽ ጉልበቱን አጣ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ጉልበትን ከአፈሙዝ ምርጫህ ላይ አንሳው። በ45-70 የአፈሙዝ ርዝመት የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ጠመንጃው እጅህ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማነጣጠሪያው ምን ያህል ስህተት እንደሚያጎላ፣ ጆሮህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ይወስናል።

ስለ ጥይቱ ትንሽ ላውራህ፤ ታሪኩን ካላወቅክ የትከሻህን ጉዳይ መረዳት ይከብዳል።

45-70 የተወለደው በ1873 ለአሜሪካ ጦር ነው። 45 የሚለው የኢንች መቶኛ ነው፤ 70 ደግሞ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ በግሬን ነው። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ የዚያው ዘመን ሰው ነው፤ የ1874 ሥራ ነው፤ እሱም 11 ሚሊ ሜትር ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ጥይት በፍጥነት ሳይሆን በክብደት ይገድላል ብሎ ነው የሚያስብ። 405 ግሬን አረር 26 ግራም ይመዝናል። የአንተ 30-06 ባለ 180 ግሬን አረር 12 ግራም አይሞላም። በጣትህ ይዘህ ስታየው የከባዱ አረር አፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ድፍን እርሳስ መሆኑ መዳፍህ ላይ ይታወቅሃል።

የ1873ቱ ጠመንጃ ብረቱ ደካማ ነበር። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬም በሰው እጅ ስላሉ ፋብሪካዎች መደበኛውን የ45-70 ጥይት በዝቅተኛ ግፊት ነው የሚሞሉት። ወሰኑ 28,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። የ30-06 ወሰን 60,000 ነው። ዘመናዊ ሊቨር ጠመንጃ ከ28,000 በላይ ስለሚችል ደግሞ አንዳንድ አምራቾች ጠንካራውን ለብቻ ይሸጣሉ። በዚህ የተነሳ በአንድ ስም፣ በአንድ መጠን፣ ተመሳሳይ በሚመስል ካርቶን ውስጥ በጣም የተለያየ ጉልበት ያለው ጥይት ታገኛለህ። ካርቶኑን አንብብ። ጠንካራው ጥይት ለዘመናዊ ጠመንጃ ብቻ መሆኑ ይጻፍበታል። አሮጌ ጠመንጃ ያለው ጓደኛ ካለህ ከእሱ ጋር ጥይት አትቀያየር።

አሁን ወደ ትከሻህ ልመለስ።

ወደ ትከሻ የሚመለሰውን ጉልበት አስልቼልሃለሁ። 3.3 ኪሎ በሚመዝን ሊቨር ጠመንጃ ለስላሳው ባለ 405 ግሬን ጥይት የሚመታህ አንድ የተለመደ 30-06 በሚመታህ ልክ ነው። አይበልጥም። እንዲያውም ምቱ እንደ ጡጫ ሳይሆን እንደ ግፊያ ነው የሚሰማህ። 30-06ን ስድስት ዓመት ከቻልከው ይኼን ትችለዋለህ ብዬ አስባለሁ። ፈጠን ያለው ባለ 325 ግሬን ጥይት፣ በሰከንድ 2,050 ጫማ የሚለው፣ ምቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ተመሳሳይ ጠመንጃ፣ ተመሳሳይ አፈሙዝ፣ የተለያየ ጥይት። ስለዚህ ትከሻህን የሚያድነው ወይም የሚገድለው አፈሙዙ አይደለም፤ የምትገዛው ካርቶን ነው።

ፈጣኑ ጥይት ጥቅም የለውም እያልኩህ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚያድን ሰው ይፈልገዋል። ለስላሳው ጥይት 100 ሜትር ላይ ቢስተካከል 200 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ፈጣኑ ግን 100 ያርድ ላይ 3 ኢንች ከፍ ብሎ ቢስተካከል 200 ያርድ ላይ የሚወርደው 4 ኢንች ገደማ ነው። አንተ ግን 80 ሜትር ነው ያልከኝ። የማትደርስበትን ርቀት በትከሻህ አትክፈል።

ሐኪም አይደለሁም። አንዴ የወለቀ ትከሻ እንደገና መውለቅ እንደሚቀናው ግን አውቃለሁ። ጠመንጃውን ከመግዛትህ በፊት ትከሻህን ላየልህ ሐኪም «እንዲህ ዓይነት ነገር ልተኩስ ነው» ብለህ ንገረው።

ስለ ርዝመቱ አሁን እናውራ።

ሦስቱን በቁመት አስብ። ባለ 16 ኢንቹ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ጫፍ 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 19ኙ 95፣ ባለ 22ቱ 103 አካባቢ። ሊቨር ጠመንጃ ከቦልት ይልቅ አጠር ያለ አካል አለው። የአንተ 30-06 ባለ 22 ኢንች ከሆነ ከባለ 22 ኢንቹ ሊቨር ሳይረዝም አይቀርም። ስለዚህ ጓደኛህ «22ቱ ቅርንጫፍ ያስይዝሃል» ሲልህ ትክክል ነው፤ አሁን ከያዝከው የባሰ ግን አይደለም።

አንድ ጊዜ 26 ኢንች ስምንት ማዕዘን አፈሙዝ ያለው ሊቨር ተውሼ ገባሁ። ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ሜዳ ላይ ስታነጣጥርበት እንደ ድንጋይ ይረጋል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሆነ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ሐረግ ነበር፤ እሾህም ነበር። አሳማው ከፊቴ ሃያ እርምጃ ላይ ተነሳ። ጠመንጃውን ሳነሳ አፈሙዙ ሐረግ ውስጥ ተሰካ። ሳወጣው አፈሙዙ ወደ ላይ፣ ሐረጉ ወደ ታች። አሳማው ሮጦ ጠፋ። የሐረጉ አረንጓዴ ልጣጭ ከማነጣጠሪያው ቅጠል ሥር ገብታ ነበር፤ ማታ በጥርስ መፋቂያ ነው ያወጣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደን ረጅም አፈሙዝ አልመርጥም።

ታዲያ ለምን 16ቱን አላልኩህም? በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ድምፁ ነው። ከጠመንጃ የሚወጣ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ይኼ አንዴም ቢሆን ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ የሚችል ልክ ነው። የአፈሙዙ ጫፍ ወደ ፊትህ በቀረበ ቁጥር ይብሳል። አንድ ወዳጄ ባለ 16 ኢንች ጠመንጃው ጫፍ ላይ ምቱን የሚቀንስ ብሬክ አስገጥሞ ነበር። ብሬኩ ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይረጨዋል። እኔ በጎኑ ቆሜ ነበር፤ የጆሮ መሸፈኛዬን አንገቴ ላይ አውርጄው። አንዲት ጥይት ተኮሰ። ቀኝ ጆሮዬ ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸ። ዛሬም ጸጥ ባለ ሌሊት ይሰማኛል። አደን ላይ ሰው ጆሮውን ሁልጊዜ አይሸፍንም፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ መስማት ይፈልጋል። ስለዚህ ድምፁን ከጠመንጃው ራሱ ብትቀንሰው ይሻላል። ትንሹን ድምፅ አጉልቶ የሚያሰማ፣ ትልቁን የሚያፍን ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መሸፈኛ አለ፤ ቅጠሉን ታሰማሃለች፣ ተኩሱን ትዘጋብሃለች። ከማነጣጠሪያ መነጽር ቀድመህ እሷን ግዛ።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። 16 ኢንች ጠመንጃ ፊቱ ቀላል ነው። ፈጥኖ ይነሳል። ግን ፈጥኖ ይወዛወዛል። ስትሮጥ ቆይተህ፣ ትንፋሽህ ተቆራርጦ ስታነጣጥር ፊቱ ላይ ትንሽ ክብደት ቢኖር ይረዳሃል። ከ16 ወደ 19 ስትሄድ የሚጨምረው ክብደት ትንሽ ነው፤ የተጨመረው ግን ጫፉ ላይ ስለሆነ ክንድህ ያውቀዋል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ማነጣጠሪያው ነው። መነጽር ካልገጠምክ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነገር ነው። እንበልና አጭር አፈሙዝ ላይ ርቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። የፊቷ ማነጣጠሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ከቦታዋ ብትዛነፍ 100 ሜትር ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ትስታለህ። ርቀቱ 60 ቢሆን ስህተቱ ወደ 17 ይወርዳል። ያው እጅ፣ ያው ዓይን፣ ያው ስህተት።

ይኼን ለማግኘት ግን ረጅም አፈሙዝ መግዛት የለብህም። የኋላውን ማነጣጠሪያ ከአፈሙዙ ላይ አንስተህ ወደ ዓይንህ አቅርበው። ቀዳዳ ያለው የኋላ ማነጣጠሪያ አለ፤ በጠመንጃው አካል ጀርባ ላይ ይታሰራል። ዓይንህ በቀዳዳው ሲያይ ቀዳዳዋ ራሷ ትደበዝዝና የፊቷን ነጥብ ብቻ ታያለህ። ዓይን ደግሞ መሐሉን ራሱ ይፈልገዋል። በ19 ኢንች ጠመንጃ ላይ ይኼን ብትገጥም ርቀቱ ባለ 22 ኢንቹ ከፋብሪካ ይዞት ከሚመጣው ተራ ማነጣጠሪያ በላይ ይሆናል። ለደን አደን ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። አንዳንዶቹ ጠመንጃዎች ከፋብሪካው ተገጥሞላቸው ይመጣል፤ ስትገዛ እየው።

ቁመቴ አጭር ነው ብለሃል። እሱ ከአፈሙዙ ይልቅ ከሰደፉ ጋር ነው የሚያገናኘው። ለማደን የምትለብሰውን ወፍራም ጃኬት ልበስና ሱቅ ሂድ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ዓይንህን ጨፍን። ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አንሳው። ጉንጭህን አስቀምጥ። ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። ማነጣጠሪያው ፊት ለፊትህ ካለ ልክህ ነው። አንገትህን ማስረዘም ካለብህ ወይም ሰደፉ ብብትህ ሥር ከተያዘ ልክህ አይደለም። ሰደፍ በባለሙያ ይቆረጣል፤ ጫፉ ላይ ምት የሚያበርድ ጎማም ይገጠማል። ለአንተ ትከሻ ጎማው የግድ ነው።

የትኛውን ልግዛ እንዳትለኝ ስለ ጠመንጃዎቹም ጥቂት ልበል። ማርሊን 1895 በዚህ ዓለም ስሙ የታወቀ ነው። ስሙን ያገኘው በ1895 ከወጣው ነው፤ የአሁኑ ግን በ1972 እንደገና የተጀመረው ነው። በ1998 ባለ 18.5 ኢንች አፈሙዙን «ጋይድ ገን» አወጡ። ከዚያ ወዲህ አጭሩ እንጂ ረጅሙ አይደለም የሚፈለገው። ማርሊንን በ2020 ሩገር ገዛው፤ አሁን የሚሠራው እሱ ነው። ቀለሁን በጎን ስለሚተፋ ጀርባው ድፍን ነው፤ መነጽር ለመግጠም ይመቻል። ሄንሪም ጥሩ ነው። አንዳንዱ ሄንሪ ጥይት የሚጎርሰው ከፊት፣ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ነው። ለማራገፍ ይመቻል፤ ቱቦውን መዝዘህ ጥይቱን ማፍሰስ ነው። ለአደን ግን በጎን በር የሚጎርሰውን ብትወስድ ይሻላል። ሁለት ጥይት ተኩሰህ ሁለቱን መመለስ ስትፈልግ ጠመንጃው ትከሻህ ላይ እያለ አውራ ጣትህ ይጨርሰዋል። ዊንቸስተር 1886 የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው፤ እንደ ቅቤ ይሄዳል። ከባድ ነው፤ አሁን የሚሠራው ባብዛኛው ባለ 22 ወይም 24 ኢንች ነው። ለልብህ እንጂ ለደንህ አይደለም።

16.1 የሚል ቁጥር ካታሎግ ላይ ስታይ አትገረም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጠመንጃ አፈሙዝ ያለ ልዩ ምዝገባ ከ16 ኢንች ማነስ አይችልም። ፋብሪካው ከሕጉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቆርጠው። ያለህበት አካባቢ ሕግ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ፤ አፈሙዝና የጥይት ብዛት ላይ ገደብ ሊኖር ይችላል፤ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ።

ከቦልት ወደ ሊቨር ለሚመጣ ሰው ልነግረው የምፈልገው አንድ አደገኛ ነገር አለ። በቱቦ ካዝና ውስጥ ጥይቶች ፊትና ኋላ ሆነው ይሰለፋሉ። የአንዱ አረር ጫፍ ከፊቱ ባለው ጥይት ቂጥ ላይ ያርፋል፤ እሳት የምትለኩሰዋ ፕራይመር ያለችው እዚያው መሐል ነው። ሹል አረር ከሆነ፣ ጠመንጃው ሲመታ ወይም ሲወድቅ ፕራይመሯን ሊወጋት ይችላል። ቱቦው ውስጥ ይፈነዳል፤ ግራ እጅህ ደግሞ ያለው እዚያው ቱቦ ላይ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ አፍ ያለው አረር ብቻ። ሹል ሆኖ የተፈቀደ አንድ ዓይነት አለ፤ ሆርናዲ ጫፉን እንደ ጎማ በሚለሰልስ ነገር የሠራው። ከእሱ ውጭ ሹል አረር በቱቦ ካዝና አይገባም። ዊንቸስተር 1895 የሚባለው ሊቨር ግን ሳጥን ካዝና ስላለው ሹል ይጎርሳል፤ ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ አፍሪካ አደን ይዞት የመጣው፣ 405 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰው እሱ ነው።

ሌላው እጅ ነው። ቦልት የለመደ ሰው ሊቨርን በፍርሃት ነው የሚያንቀሳቅሰው። ግማሽ ድረስ ይገፋና ይመልሰዋል። ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል፤ ወይም አዲሱ ጥይት አንጋጦ ይቆማል። ሊቨርን ስትገፋ እስከ መጨረሻው፣ «ቋ» እስኪል። ስትመልስም እንደዚያው። በማይተኩስ የልምምድ ጥይት፣ ጠመንጃውን ከትከሻህ ሳታወርድ፣ በየቀኑ ሃያ ጊዜ ሥራው። ጣቶችህን ከምላጩ አርቅ፤ በቀለበቱ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ይሁኑ። መዶሻዋን በአውራ ጣት ማውረድ ካለብህ አፈሙዙ አፈር ላይ ያነጣጥር፤ ጣትህ በብርድ ከደነዘዘ ጨርሶ አታውርዳት፤ ጥይቱን አውጣው።

ስለ ድብ ጠይቀሃል ባልልም ጠቅሰሃል። ድብ ያለበት ቦታ ከሆነ ጠንካራ እርሳስ፣ ጠፍጣፋ አፍ፣ 400 ግሬንና ከዚያ በላይ የሆነውን ያዝ። ከባድ አረር አጥንት አልፎ ይገባል፤ በ19 ኢንችም በ16ም ያው ነው። ለአጋዘን አፉ ቀዳዳ የሆነው ባለ 300 ግሬን አረር ይበቃሃል።

ካስፈለገ ስለ 44 ማግነም። አረሩ 10.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምቱ ከለስላሳው 45-70 ደህና አድርጎ ያንሳል። በ80 ሜትር ለአጋዘንና ለአሳማ ከበቂ በላይ ነው። ድብ ላይ ግን ልቤ አይረጋም። 444 ማርሊን ያው ውፍረት ያለው አረር በጣም ፈጥኖ ይተኩሳል፤ ጥሩ ነው፤ የጥይቱ ምርጫ ግን ከ45-70 እጅግ ያነሰ ነው። አንተ ደግሞ በለስላሳና በጠንካራ መካከል መምረጥ የምትፈልግ ሰው ነህ።

ገዝተህ ስትመለስ መጀመሪያ 20 ጥይት ለስላሳውን ብቻ ያዝ። 25 ሜትር ላይ ጀምር። ቆመህ ተኩስ፤ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ ስትተኩስ ትከሻ መሸሻ ስለሌለው ምቱ ይበረታል። በአንድ ቀን ከአስር አትለፍ። ማታ ክንድህን ከራስህ በላይ አንሳው። ያለ ሕመም ከወጣ በማግስቱ 50 ሜትር ላይ ቀጥል። ከጎተተህ ወይም ትከሻህ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንሸራተት ከተሰማህ አቁም፤ ወደ ሐኪሙ ሂድ። እሱ እምቢ ካለ ጻፍልኝ፤ ባለ 44ቱን በምን ጥይትና በምን ማነጣጠሪያ እንደምታስተካክለው በሰፊው እነግርሃለሁ።